ከእማማ አልጋ ሥር የሚጠረገው ዱቄት

«ሲስተር፣ ከእማማ አልጋ ሥር ሁልጊዜ ዱቄት ይጠረጋል።»

ይህን ያለችኝ የጽዳት ሠራተኛችን ናት፤ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ ጥር 22 ቀን ጠዋት፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች የመድኃኒት ክፍሉ በር ላይ ቆማ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበረች ጎንበስ ማለት ከብዷት በየአልጋው ሥር የምትጠርገው ቀስ ብላ፣ እያረፈች ነው። ስለዚህ የየአልጋውን ሥር ከማናችንም በተሻለ ታውቀዋለች።

«የምን ዱቄት?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። እንደ ገለባ የሳሳ፣ ነጭ ነገር ነው። ዛሬ ጠርጌው ነገም አለ። ሌሎቹ አልጋ ሥር የለም፤ እሳቸው ጋ ብቻ።»

ከሁለት ወር በላይ ስፈልገው የቆየሁት ነገር በመጥረጊያ ተጠርጎ መጣልኝ።

እኔ ነርስ ነኝ። የምሠራው እዚሁ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ከተማ፣ ጧሪ ያጡና ቤተሰብ ማስታመም ያቃተው አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት ነው። 41 አረጋውያን አሉን። ተንከባካቢው፣ ምግብ ሠሪዋ፣ ጽዳቷና ዘበኛው ተደምረን 9 ሠራተኞች ነን። የማንንም ስም አልጽፍም። እኛም ቤት ውስጥ የምንጠራራው በመጡበት አገር ነው፦ የሞጣዋ እማማ፣ የቢቸናው አባባ፣ የደጋ ዳሞቷ እማማ እየተባለ። አንድ መሪጌታ አሉን፤ እሳቸው ብቻ መሪጌታ ናቸው።

የምጽፈው ስለ እከክ ነው። ቃሉን ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው፤ ቃሉን ለማውጣት ስናፍር አረጋውያኑ ሌሊቱን ሲያኩ አደሩ።

የተጀመረው ኅዳር አጋማሽ ላይ ነበር። መጀመሪያ የሞጣዋ እማማ ጎናቸውን ያሳክካቸው ጀመር። ኅዳር እዚህ አገር ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ የወጣቱን ከንፈር እንኳ ይሰነጥቃል፣ ያረጀ ቆዳማ ምን ይሁን። «ቆዳዎ ደርቆ ነው እማማ» ብዬ ቫዝሊን ሰጠኋቸው። አልተሻላቸውም። ቤታሜታዞን ቅባት ጨመርኩ። ለአንድ ሳምንት ዕረፍት አገኙ፤ እኔም አሻልኳቸው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ሽፍታው ከበፊቱ ሰፍቶ ተመለሰ። ይህን ስሕተቴን ያለ መሸፋፈን የምናገረው ብዙ ቦታ ሲደገም ስለማየው ነው። እንዲህ ያሉት የስቴሮይድ ቅባቶች የቆዳውን ቁጣ ያበርዱታል እንጂ እከኩን የሚያመጣውን ተባይ አይነኩትም። ቆዳው ጸጥ ሲል ተባዩ በሰላም ይራባል፤ የሽፍታውም መልክ ተለውጦ ሐኪሙ እንኳ እከክ መሆኑን እንዳይለይ ያደርገዋል።

ታኅሣሥ ላይ አምስት ሰው ሆኑ። ከዚያ አንዷ ተንከባካቢያችን በዚያ ሁሉ የእንፋሎት ሙቀት ውስጥ፣ ሰው ስታጥብ እንኳ፣ እጅጌዋን አልሰበስብ ስትል አየሁ። ለብቻዋ ጠርቼ ሳያት ክንዷ ከክርኗ በታች ሙሉ በሙሉ ሽፍታ ነው፤ አረጋዊ አቅፈን ስናነሣ ከሰውነታቸው ጋር የሚነካካው ቦታ። ሦስት ሳምንት ደብቃው ነበር። «ልጄን ይዤ ወደዚህ ቤት የምመጣው እኮ እንጀራዬ ስለሆነ ነው፤ እከካም ብላችሁ ብታባርሩኝስ?» ብላ አለቀሰች።

ያኔ እከክ መሆኑን ተጠራጠርኩ። ግን ያደረግሁት ግማሹን ነው። የሚያከውን ሰው ብቻ እየጠራሁ ቢቢኤል የሚባለውን የእከክ ሎሽን ቀባሁ፤ ዛሬ አንዱን፣ ሐሙስ ሌላውን፣ በሳምንቱ ደግሞ የመጣውን። የሞጣዋ እማማ ዳኑ ስል የቢቸናው አባባ ጀመሩ፤ እሳቸው ሲድኑ እማማ እንደገና። ውኃ በወንፊት ስቀዳ ነበር።

ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው፤ ይህን ደግሞ የታመመ የሚያስታምም ሰው ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ። ተባይዋ ከግማሽ ሚሊሜትር ታንሳለች። ሴቷ የላይኛውን ቆዳ እንደ ፍልፈል እየቦረቦረች ትሄድና በቀን ሁለት ሦስት እንቁላል ትጥላለች። የሚያሳክከው የእሷ መብላት አይደለም፤ ሰውነታችን ተባይዋን፣ እንቁላሏንና ኩሷን ሲጠላ የሚቆጣው ቁጣ ነው። ይህ ቁጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘ ሰው ላይ እስኪነሣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰውየው አያክም፣ ሽፍታም የለውም፣ ግን ያስተላልፋል። ቀደም ሲል ይዞት የሚያውቅ ሰው ከሆነ ግን ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ማከክ ይጀምራል። እንግዲህ እኔ የማክመው ሁልጊዜ የወር የወር ተኩል ታሪክ ነበር። የዛሬው ደግሞ በዝምታ ከአልጋ ወደ አልጋ ይሄዳል።

ወደ ጥር 22 ልመለስ።

የዱቄቱን ነገር የሰማሁ ማታ ደብተር አውጥቼ የክፍሉን አልጋዎች በእርሳስ ሣልኳቸው። በእያንዳንዱ አልጋ ላይ ሰውየው ማከክ የጀመረበትን ቀን ጻፍኩ። የሞጣዋ እማማ፣ ኅዳር 14። ከእሳቸው ማዶ ያሉት፣ ኅዳር 20። በራስጌ በኩል ያሉት፣ ታኅሣሥ 2። ስጨርስ ቀኖቹ አንዱን አልጋ ከበው ቆሙ። መሃል ላይ ያለው አልጋ ባዶ ነበር፤ ቀን የለውም። የደጋ ዳሞቷ እማማ አልጋ ነው።

እኚህ እማማ የመጡት መስቀል እንዳለፈ ነው። ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ መናገርም ትተዋል። በቤቱ ውስጥ እንደ እሳቸው ጸጥተኛ የለም። ሌሊት ስዞር ሌላው ሲገላበጥ እሳቸው ዓይናቸውን ገልጠው ጣሪያውን እያዩ አገኛቸዋለሁ። አያኩም። አንድም ቀን ሲያኩ አላየሁም። ጣቶቻቸው መካከል ወፍራም፣ የተሰነጣጠቀ ቅርፊት ነበር፤ ክርናቸውም ላይ እንዲሁ። በየቀኑ እጃቸውን የማጥበው እኔ ነኝ። ዕድሜ ልካቸውን ዶማ የያዙ፣ እንሥራ የተሸከሙ፣ ወፍጮ የፈጩ እጅ ስለሆነ እንዲህ ቢሆን አይገርምም ብዬ አልፌዋለሁ።

በማግስቱ በላስቲክ ላይ አንሶላቸውን አራገፍኩት። እንደ አጃ ገለባ ነጭ ቅርፊት ተከመረ። ከጣታቸው መካከል በምላጭ ትንሽ ፍቄ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የላብራቶሪ ባለሙያው ጠብታ ዘይት አድርጎበት በማይክሮስኮፕ ሲያይ ቆይቶ ምንም ሳይናገር ወንበሩን ለቀቀልኝ። ሲንቀሳቀሱ አየኋቸው። በአንዲት ቅንጣት ቅርፊት ውስጥ ስንቱ ነው የሚርመሰመሰው!

ይህ ዓይነቱ ቅርፊታም እከክ ይባላል። ዳንየልሰንና ቦክ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1848 ኖርዌይ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ አይተው ስለጻፉት ለብዙ ዘመን የኖርዌይ እከክ ይሉት ነበር። በጤነኛ ሰው ላይ የሚገኘው ተባይ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ነው፤ እያከከ፣ እየታጠበ ይቀንሰዋል። ሰውነቱ የተዳከመ፣ የማይሰማው ወይም ማከክ የማይችል ሰው ላይ ግን ሺህ፣ አንዳንዴም ሚሊዮን ይደርሳል። ቁጣው ስለሌለ ላያሳክክ ይችላል። ተራው እከክ ለመተላለፍ ረዘም ያለ የቆዳ ለቆዳ ንክኪ ይፈልጋል፤ ሰላም ብሎ እጅ ከመጨባበጥ በቀላሉ አይመጣም። ቅርፊታሙ ግን ከአንሶላው፣ ከወንበሩ፣ ወለሉ ላይ ከረገፈው ቅርፊት እንኳ ይተላለፋል። የጽዳት ሠራተኛችን በየቀኑ የምትጠርገው እሱን ነበር፤ ከነሆዷ።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ እህል አልበላሁም። የሚጮኸውን ስናክም የማይጮኸው ሰው አልጋ ላይ ሲበሰብስ መኖሩ እስከ ዛሬ ያመኛል።

እከክ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል ተዛምቶ በዘመቻ በተደረገ ምርመራ ከ370 ሺህ በላይ ሰው ተይዞ ተገኝቷል። ውኃ ሲጠፋ፣ ሰው ሲጨናነቅ፣ ልብስ ሲያንስ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በድርቁ ጊዜ ምርመራው ቤት ለቤት ነበር፤ እከክ የሚድነውም ቤቱ እንዳለ ሲታከም ነው። እኛ ደግሞ 41 ሰው ያለበት አንድ ቤት ነን። የማያከውም፣ የሚያከውም፣ ሠራተኛውም፣ የሠራተኛው ባልና ልጅም በአንድ ቀን መታከም ነበረባቸው። አንድ ሰው ከቀረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ለማሰናዳት ዐሥር ቀን ገደማ ፈጀብን። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አሳወቅን፤ አይቨርሜክቲን የተባለውን ተባዩን የሚገድል ክኒን በእነሱ በኩል አገኘን። ከክኒኑ ሌላ ተባዩን የሚገድል ፐርሜትሪን የሚባል ቅባት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ትልቅ ሰው አንድ ጊዜ ለመቀባት 30 ግራም፣ ማለትም አንድ ቱቦ ይሄዳል፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ አንድ። ከየፋርማሲው ለቅመን፣ ሁለት ዕድሮች ገንዘብ አዋጥተውልን ሞላ። ዕድር ለቀብር ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር እነዚያን ሰዎች ባሳየሁት።

አይቨርሜክቲን በክብደት ነው የሚሰጠው፤ ለአንድ ኪሎ 200 ማይክሮግራም። 45 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ባለ 3 ሚሊግራሙ ሦስት ፍሬ ማለት ነው። መቆም የማይችሉትን እንዴት ትመዝኛለሽ ብትሉኝ፣ ተንከባካቢው አቅፏቸው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ከዚያ የራሱን ይቀንሳል። አባባ አንዱ ታቅፈው ሳለ «ከልጅነቴ ወዲህ ያቀፈኝ ሰው አልነበረም» አሉ። ለጽዳት ሠራተኛችን በእርግዝናዋ ምክንያት ክኒኑ አይሰጥም፤ ቅባቱን ሰጠናት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ገበያ ላይ ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን ገዝቶ ለሰው የሚሰጥ አጋጥሞኛል። እባካችሁ አታድርጉት። መጠኑ ለበሬ የተሰናዳ ነው፤ የሰውን ልጅ በግምት አይመዝኑትም።

ከመድኃኒቱ ይልቅ የከበደኝ ግን ማስረዳቱ ነበር። እከክ ስድብ ነው። አንድን ሰው እከካም ማለት አትረባም ማለት ነው። በወጣትነታቸው ቤት ያስተዳደሩ፣ ክርስትና ያነሡ፣ ሽምግልና የተቀመጡ ሰዎችን ሰብስቤ «ቤታችን እከክ ገብቷል» ማለት ነበረብኝ። ምሳ ከተበላ በኋላ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ተናገርኩ። ማንም አልተነፈሰም። አንዷ እማማ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

መሪጌታ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እኔን ያሳክከኛል» አሉ። «ከገና ጀምሮ። አፍሬ አልተናገርኩም።» ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ለሁሉ አሳዩ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ አርጅቼ እኔው ሸሸግሁ።» ከእሳቸው በኋላ አንድ በአንድ መናገር ጀመሩ። በደብተሬ 14 የነበረው ቁጥር ከሰዓት በኋላ 23 ሆነ።

የጠበል ነገር ተነሣ፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ቅባቱ ቆዳ ላይ ከ8 እስከ 14 ሰዓት መቆየት አለበት፤ ሌሊቱን አድሮ ንጋት ላይ ጠበል ቢጠጡበት እንጂ ቢጠመቁበት ይታጠባል። መሪጌታና የሚያገለግሉን አባት ተነጋገሩና ጠበሉ ጠዋት፣ ገላ ከታጠቡ በኋላ እንዲሆን ወሰኑ። «ወንጌላዊው ሉቃስስ ሐኪም አልነበረም እንዴ?» አሉ መሪጌታ። ከእኔ የአንድ ሰዓት ማብራሪያ የእሳቸው አንዲት ቃል ሠራች።

ቀኑን ማክሰኞ አደረግነው፤ ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እሑድ ቅዳሴና ጠያቂ አለ። በርሜሎቹ ከእሑድ ጀምሮ ውኃ ሞሉ። ማክሰኞ ጠዋት አንሶላና ልብስ በሙሉ ግቢው ውስጥ በተጣደ በርሜል ተቀቀለ። ተባይዋ ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ ዐሥር ደቂቃ አትቆይም፤ መፍላቱ ብቻ ይበቃል። ብርድ ልብስ፣ ጋቢና ቡልኮ ግን ተቀቅሎ መቼ ሊደርቅ ነው? እሱን በላስቲክ አድርገን ማዳበሪያ ውስጥ አሠርነው፤ በላዩ ላይ ስምና ቀን ጻፍንበት። ከሰው ገላ የተለየች ተባይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን ውስጥ ትሞታለች። እኛ በቅርፊቱ ምክንያት 7 ቀን ሰጠነው።

የሞጣዋ እማማ ጋቢያቸውን አልሰጥም አሉ። ለመንኳቸው። «ጋቢዬን ከሰጠሁሽ ዛሬ ሌሊት ብሞት በምን ልትሸፍኚኝ ነው?» አሉኝ። ለካስ በጋቢው እጥፋት ውስጥ ለመግነዛቸው ያስቀመጡት አዲስ አቡጀዴ አለ። ለስንት ዓመት ከቤት ቤት ይዘውት ዞረዋል። ይህን ሰው «ደንብ ነው» ብሎ መንጠቅ አይቻልም፤ አይገባምም። ያደረግሁት እንዲህ ነው። አቡጀዴውን ለብቻው ዓይናቸው እያየ ላስቲክ ውስጥ አሸግሁት፤ ጋቢውንም በሌላ። ሁለቱንም እግራቸው ሥር፣ ከሚያዩት ቦታ አስቀመጥኩላቸው። የታሠረ ማዳበሪያ የትም ቢቀመጥ የታሠረ ነው። ከጤና ጽሕፈት ቤቱ የተላከ ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው። ሰባቱን ሌሊት እጃቸውን ማዳበሪያው ላይ አድርገው አደሩ።

ማታ 12 ሰዓት ላይ መቀባት ጀመርን። ወንዶቹን ዘበኛውና ወንዱ ተንከባካቢ፣ ሴቶቹን እኛ። ለወጣት ከአንገት በታች ይበቃል ይባላል፤ አረጋዊ ላይ ግን ተባዩ ራስ ቆዳም፣ ከጆሮ ጀርባም ስለሚገኝ ዓይንና አፍ ብቻ ሲቀር ሁሉም ይቀባል። በጣት መካከል፣ በጥፍር ሥር፣ በጡት ሥር፣ በእንብርት፣ በመቀመጫ እጥፋት። አልጋ ላይ ለሚውል ሰው ጀርባው አይረሳም። ከእራት በኋላ እጁን የታጠበ ሁሉ እጁ እንደገና ይቀባል። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን እማማ ጨርሰን እኛ ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተቀባባን። ለየቤተሰባችን የሚሆነውን አስቀድመን ልከን ነበር፤ ባሎቻችንና ልጆቻችንም በዚያው ሌሊት ተቀብተው አደሩ።

ሠራተኛውን ማካተቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኮቪድ የጀመረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ፣ አሜሪካ ውስጥ ዋሽንግተን ግዛት ኪርክላንድ በምትባል ከተማ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በሽታው ገብቶ 101 ነዋሪዎች፣ 50 ሠራተኞችና 16 ጠያቂዎች ተይዘው ነበር። ሲጣራ እያመማቸው ሥራ የገቡና ከአንድ በላይ ቤት የሚሠሩ ሠራተኞች በሽታውን ለማዛመት አስተዋጽኦ ማድረጋቸው ተገኘ። እነዚያን ሠራተኞች አልፈርድባቸውም። የቀረበት ቀን ደመወዙ የሚቆረጥበት ሰው ታምሜያለሁ አይልም። የእኛዋ ልጅ እጅጌዋን ያልሰበሰበችውም ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ በታመመ ሠራተኛ ደመወዝ ላይ እንዳይነካ አለቃችንን ለምኜ በጽሑፍ አስወስኛለሁ። ከገዛነው ቅባት ሁሉ ይልቅ ይህ ወረቀት ይበልጥብኛል።

የደጋ ዳሞቷን እማማ ለብቻቸው ትንሿ ክፍል አስገባናቸው። ሐኪሙ ለእሳቸው አይቨርሜክቲኑን በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ8ኛው፣ በ9ኛውና በ15ኛው ቀን አዘዘ፤ ከቅባቱ ሌላ ቅርፊቱን የሚያለሰልስ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ቅባትም ጨመረ። ጋውን ስላልነበረን ከሰልባጅ ተራ ረጃጅም እጅጌ ያላቸው ሸሚዞች ገዛን፤ ጓንቱን ከእጅጌው በላይ አድርገን እንገባለን፣ ስንወጣ ሸሚዙ በርሜል ይገባል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን መናገር የማትችል ነፍስ በዝግ ክፍል ውስጥ ምን ይሰማታል የሚለው ነው። ተጣልኩ ቢሉስ? መሪጌታ በየማታው ወንበር አስወጥተው ከመስኮቱ ውጭ ተቀምጠው ዳዊት ደገሙላቸው። መስኮቱ ክፍት፣ ርቀቱ የታወቀ። እማማ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሲያዳምጡ አይቻለሁ።

በሳምንቱ ማክሰኞ ሁሉንም ደገምነው። እንቁላሉን ሁሉ የመጀመሪያው ዙር ስለማይጨርሰው ሁለተኛው ዙር ግድ ነው። ከዚያ የመጣው ደግሞ ትዕግሥት የሚፈትን ወቅት ነው። ተባዩ ከሞተም በኋላ ሬሳውና ኩሱ ቆዳው ውስጥ ስላለ ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቀጥል ይችላል። «መድኃኒትሽ አልሠራም» እያሉ ብዙዎቹ ተቆጡኝ። እኔም ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ ብደግመውስ እል ነበር። አልደገምኩም። የምቆጥረው የሚያከውን ሰው ሳይሆን አዲስ የወጣ ሽፍታን ነበር፤ እሱ ደግሞ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ አልታየም።

6 ሳምንት ሙሉ አዲስ ሰው አልተቀበልንም። ይህ ከሁሉ የከበደኝ ነው። በደጀን በኩል የመጡ አንድ አባባ ከወንድማቸው ልጅ ጋር በር ላይ ቆመው «እስከ መቼ?» አሉኝ። እስከ መጋቢት መጨረሻ ብዬ ስልኩን ተቀብዬ በየሳምንቱ እየደወልኩ ጠየቅኋቸው። ቀኑ ሲደርስ ራሴ ደውዬ ጠራኋቸው፤ ዛሬ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ የእሳቸው ነው። አሁን አዲስ ሰው ሲመጣ መጋረጃ ጋርደን፣ ሻይ አጠጥተን፣ ፈቃዱን ጠይቀን ከጣት እስከ ተረከዝ ገላውን እናያለን። የማያሳክከውንም። ያንን ደብተር ክረምት ላይ ተቅማጥ የገባ ጊዜም አወጣሁት፤ ሦስት ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ሲያስቀምጠው የአልጋውን ሥዕል ሠርቼ፣ በዚያው ዕለት ለይተን፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠን፣ የታመመ ሠራተኛ ከተሻለው በኋላ 48 ሰዓት ቤቱ እንዲቆይ አድርገን ከአራት ሰው አላለፈም።

መጋቢት አጋማሽ ላይ የደጋ ዳሞቷ እማማ ልጅ መጣች። ከመስከረም ወዲህ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ሳይመቻት ቆይታ ነው። ቅርፊቱ ያኔ ረግፎ አልቆ ነበር። የግራ እጃቸው ጀርባ ላይ እኔ አንድም ቀን ያላየሁት የመስቀል ንቅሳት ወጣ፤ አረንጓዴው ደብዝዟል፣ ግን መስቀል ነው። ልጅቱ እጃቸውን ይዛ ንቅሳቱን በጣቷ እየተከተለች ብዙ ቆየች።

ከዚያ ወደ እኔ መጥታ «ሲስተር፣ አትቆጪኝና አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። ቤታቸው ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሁሉም ሲያኩ ነው። ስምንት ናቸው። እናቷን ስታመጣ ከተናገረች እንደማንቀበላቸው ፈርታ ዝም አለች።

አልተቆጣኋትም። እውነቷን ነበር፤ ያኔ ብትናገር ኖሮ በሩን ብንዘጋባትስ? በቀበሌያቸው ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እዚያው ደወልኩላት። ልጅቱን አስቀምጬ ጋቢው እንዴት እንደሚታሠር፣ ቅባቱ ምን ያህል ሰዓት እንደሚቆይ፣ ለምን ሁሉም በአንድ ማታ መሆን እንዳለበት አስረዳኋት፤ ማዳበሪያና ላስቲክ አስያዝኳት።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ስልኬ ጮኸ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው። «ሲስተር፣ ስምንታችንም በአንድ ማታ ተቀባን» አለች። «ሕፃኗንም፣ በብብቷ ሥር ሳይቀር። የመጪው ሐሙስ ደግሞ ሁለተኛው ነው።»